የተጎዳ የነፋስ ተርባይን ክንፍን በድምፅ መለየት፦ ከምጣድ እስከ ስፔክትሮግራም

በዚህ ጽሑፍ የነፋስ ተርባይን ክንፍ ሲሰነጠቅ፣ ሲቦረቦር ወይም ውስጡ ሲላቀቅ ጉዳቱ በድምፅ እንዴት እንደሚታወቅ እንመለከታለን። ግማሹ የፊዚክስ ትምህርት ነው፤ ግማሹ በስልክና በነፃ ሶፍትዌር የሚሠራ ልምምድ። ተርባይን አጠገብ የማትኖሩም ልምምዱን በቤታችሁ ምጣድ መጀመር ትችላላችሁ። ቀልድ አይደለም፤ ወደ ታች ስትወርዱ ታዩታላችሁ።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ላስቀድም። ባለሙያዎች «ብሌድ» ይሉታል፤ አንዳንድ ሰው «ምላጭ» ብሎ ይተረጉመዋል። ምላጭ ግን ጢም መላጫውን ስለሚያስታውሰኝ እኔ «ክንፍ» እላለሁ። አሠራሩም የአውሮፕላን ክንፍ ዓይነት ስለሆነ ቃሉ ይስማማዋል።

ለምን በድምፅ?

በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ 102 ተርባይኖች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 153 ሜጋ ዋት። አንዱ ተርባይን ሦስት ክንፍ ስላለው 306 ክንፍ ማለት ነው። ቀድሞ የተሠራው አዳማ አንድ ደግሞ 34 ተርባይኖች፣ ማለትም ሌላ 102 ክንፎች አሉት። በድምሩ 408 ክንፍ፣ እያንዳንዱ ከ35 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ሁሉም አቧራ፣ የክረምት ዝናብና መብረቅ በሚፈራረቅበት ኮረብታ ላይ።

እነዚህን አንድ በአንድ ለመመርመር የታወቁ መንገዶች አሉ። ባለሙያ በገመድ ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ ወይም ከመሬት በረጅም ሌንስ ፎቶ ይነሣል፤ ወይም ድሮን ይበራል። ሦስቱም ጥሩ ናቸው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ተርባይኑ እንዲቆም ይጠይቃሉ፤ የቆመ ተርባይን ደግሞ ኃይል አይሰጥም። በአገራችን ድሮን ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ካሜራ የሚያየው ቆዳውን ብቻ ነው። ውስጡ የተላቀቀ ክንፍ ከውጭ ሲያዩት ነጭና ለስላሳ ሊሆን ይችላል።

ድምፅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አስቀድሜ ግን አቋሜን ልንገራችሁ፦ ድምፅ ሐኪም አይደለም። «ይህ ስንጥቅ 40 ሴንቲ ሜትር ነው፣ እዚህ ጋ ነው» ብሎ አይነግራችሁም። የሚሠራው ሥራ ወረፋ ማስያዝ ነው። ከ408 ክንፎች ውስጥ ባለሙያው ነገ ጠዋት መጀመሪያ የትኛው ላይ ይውጣ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ክንፉም፣ ክሬኑም፣ መጠገኛ ሬዚኑም በውጭ ምንዛሪ በሚመጣበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በእጅ ማዳን የሚቻለው ጉዳት ሳይታይ ከቆየ ክንፉን በሙሉ ወደ መቀየር ሊያደርስ ይችላል።

ክንፉ ከምን ተሠራ?

ብዙ ሰው ክንፉ ብረት ይመስለዋል። አይደለም። በዋናነት ፋይበርግላስ ነው፤ የመስታወት ክር በጨርቅ መልክ እየተነባበረ በሬዚን ይጠጣል፣ ከዚያ ይደርቃል። ሰፊና ቀለል ማለት ያለባቸው ቦታዎች ላይ በሁለቱ ንብርብሮች መሀል ባልሳ የተባለ በጣም ቀላል እንጨት ወይም ፎም ይገባል። ክንፉ እንደ ባቄላ ቅርፊት በሁለት ግማሽ ተሠርቶ፣ በመሀሉ ሸክም የሚችል ውስጣዊ አግዳሚ ይገባና ሁለቱ ግማሾች በማጣበቂያ ይገጠማሉ። መሀሉ ባዶ ነው። ይህን ባዶነት አስታውሱት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ጉዳቱም ከአሠራሩ ይመነጫል። ንብርብሮቹ እርስ በርስ ይላቀቃሉ፤ ማጣበቂያው ይለቃል፤ የኋላው ቀጭን ጠርዝ ይሰነጠቃል። የፊት ጠርዙን አቧራና የዝናብ ጠብታ ይበላዋል። «ዝናብ እንዴት ፋይበርግላስ ይበላል?» ካላችሁ ሒሳቡን እንሥራ። የአዳማዎቹ ተርባይኖች መዞሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ 77 ሜትር ነው። በደቂቃ 17 ጊዜ ቢዞር የክንፉ ጫፍ በሰከንድ ወደ 68 ሜትር፣ በሰዓት ወደ 247 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በዚያ ፍጥነት የሚገጥም ጠብታ ውሃ መሆኑ ይቀርና እንደ ጠጠር ይመታል። መብረቅም አለ። ክንፉ ጫፍ አካባቢ መብረቅ ተቀብሎ ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር አለው፤ ውሃ የሚያፈስ ትንሽ ቀዳዳም አለው። ያ ቀዳዳ በቆሻሻ ተደፍኖ ውስጥ ውሃ ከተጠራቀመና መብረቅ ከመታው ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ክንፉን ከውስጥ ሊበረግደው ይችላል።

ጉዳት የሚመጣው በእርጅና ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 2024 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ባሕር ላይ በሚሠራው የቪንያርድ ዊንድ ጣቢያ 107 ሜትር የሚረዝም ክንፍ ተሰብሮ ስብርባሪው ናንተኬት ደሴት ዳርቻ ድረስ ተንሳፎ ደረሰ። ክንፉ አዲስ ነበር። አምራቹ ጂኢ ቬርኖቫ ማጣበቂያው በቂ ሆኖ እንዳልያዘና የፋብሪካው ምርመራ ይህን ሊያገኘው ይገባ እንደነበር ገለጸ። ከዚያም ወደ 150 ለሚጠጉ ክንፎች ቀድሞ የተሰበሰበውን የምርመራ መረጃ እንደገና ማየት ነበረበት። በፋብሪካ የሚደረገው የአልትራሳውንድ ምርመራም ድምፅ ነው፤ ጆሯችን የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ይላካል፣ ማጣበቂያው ክፍተት ካለው ማሚቶው ቀድሞ ወይም ተለውጦ ይመለሳል። ድምፁ ተልኮ ነበር ማለት ነው፤ ማሚቶውን በትኩረት ማንበቡ ነው የቀረው።

የምጣዱ ዘዴ

ገበያ ሄዳችሁ ሸክላ ምጣድ ወይም እንስራ ስትገዙ ምን ታደርጋላችሁ? እናቶቻችን በጣታቸው አጥፍ መታ አድርገው ያዳምጣሉ። ጥርት ብሎ ካስተጋባ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነ ዓይን ያላየው ስንጥቅ አለ። በጣና ገዳማት ተንጠልጥለው እንደ ደወል የሚያገለግሉ ድንጋዮችም እንዲሁ ናቸው፤ መረዋ ድምፅ የሚሰጠው ውስጡ ያልተሰነጠቀ ድንጋይ ነው።

የክንፍ ባለሙያዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። በገመድ የወረደው ሰው በእጁ ትንሽ መዶሻ ወይም ሳንቲም ይዞ ቆዳውን ጠቅ ጠቅ እያደረገ ይሄዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠንካራ ገጽ ሲመታ መዶሻው ወዲያው ነጥሮ ይመለሳል፤ የንክኪው ጊዜ አጭር ስለሆነ ብዙ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ስል ድምፅ ይወጣል። ከሥሩ የተላቀቀ ንብርብር ግን እንደ ስፕሪንግ ገባ ብሎ ይመልሰዋል፤ ንክኪው ይረዝማል፣ ከፍተኛው ድምፅ ይጠፋል፣ «ጠቅ» የነበረው «ዱብ» ይሆናል።

ይህን ለመለማመድ ተርባይን አያስፈልግም። እኔ የምኖረው ዮርድብሩ ነው፤ ከስቶክሆልም መሀል በፔንደልቶግ (የከተማው ዳር ባቡር) ወደ ደቡብ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። አካባቢው ለባሕሩ ቅርብ ነው፣ የስዊድን ሰው ደግሞ ጀልባ ይወዳል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ዛሬም አሉ፤ በልግ ሲመጣ ከውሃ ወጥተው በሸራ ተሸፍነው ክረምቱን በየብስ ያሳልፋሉ። የነዚህ ጀልባዎች የላይኛው ወለል ብዙ ጊዜ ልክ እንደ ተርባይን ክንፍ በሁለት ፋይበርግላስ መሀል ባልሳ እንጨት ያለበት ነው። ውሃ በብሎን ቀዳዳ ገብቶ እንጨቱን ካበሰበሰው ንብርብሩ ይላቀቃል። የሚሸጥ ጀልባ የሚመረምር ሰው እዚህም መዶሻ ይዞ ነው የሚዞረው። ሰፈር ያለን አንድ ወዳጄን አስፈቅጄ የጀልባውን ወለል በፕላስቲክ መዶሻ እየመታሁ በስልኬ ቀዳሁት። የመሰላሉ እግር የታሰረበት አካባቢ ድምፁ እየታፈነ ሲሄድ በጆሮም ይሰማል፤ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ደግሞ ከፍተኛው ክፍል እንደ ተቆረጠ ሣር ዝቅ ብሏል። የላቀቀውን ቦታ ድንበር በኖራ ለማስመር አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

እናንተም ይህን ሞክሩ። አንድ ደህና ምጣድና አንድ የተሰነጠቀ ምጣድ ፈልጉ። ስልኩን በተመሳሳይ ርቀት፣ ለምሳሌ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ አስቀምጡ። በእንጨት ማንኪያ እያንዳንዱን አሥር ጊዜ ምቱ። ከዚያ ፋይሉን ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ፤ አንዱን ምት መርጣችሁ «አናላይዝ» ከሚለው ሜኑ «ፕሎት ስፔክትረም»ን ተጫኑ። ደህናው ምጣድ ጥቂት ሹል ጫፎችን ያሳያል፤ የተሰነጠቀው ጫፎቹ ደንዝዘው ወይም ለሁለት ተከፍለው ታዩአቸዋላችሁ። ይህን ካያችሁ ቀሪው ትምህርት የዚሁ ማስፋፊያ ነው።

ክንፉ ራሱ ሲናገር

መዶሻው እኛ ጠይቀን ክንፉ የሚመልስበት መንገድ ነው። ሳንጠይቀውም ይናገራል። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ጣሪያው «ጠቅ፣ ጠቅ» ሲል ሰምቷል። ቁስ ውጥረት ሲለቅ ድምፅ ያወጣል። በፋይበርግላስ ውስጥ አንዲት የመስታወት ክር ስትበጠስ ወይም ሬዚኑ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ድምፅ እጅግ አጭርና ቀጭን ነው፤ ከጆሯችን ወሰን በላይ ወደ መቶ ሺዎች ሄርዝ ይደርሳል። ክንፉ ላይ የሚጣበቁ የፒዞ ሴንሰሮች ይሰሙታል። ዘዴው አኩስቲክ ኢሚሽን ይባላል።

የዚህ ዘዴ መሠረት የሆነው ምርምር የጀርመናዊው ዮሴፍ ካይዘር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው የዶክትሬት ሥራው አንድ አስገራሚ ነገር አሳየ። ብረት ተጭኖ ከተለቀቀ በኋላ እንደገና ሲጫን፣ ከዚህ በፊት የተሸከመውን ያህል እስኪደርስ ዝም ይላል፤ ያንን ሲያልፍ ብቻ ድምፅ ይጀምራል። ቁሱ ያለፈውን ሸክም ያስታውሳል ማለት ነው። ፋይበርግላስ ግን ሲጎዳ ይህን ዝምታ ያፈርሳል። ከዚህ በፊት በቀላሉ ከቻለው ሸክም በታች ማንጫጫት ከጀመረ ውስጡ ደክሟል።

ችግሩ ቀጭን ድምፅ በፋይበርግላስ ውስጥ ሩቅ አለመሄዱ ነው፤ ጥቂት ሜትር ተጉዞ ይሞታል። ስለዚህ ለአንድ ረጅም ክንፍ ብዙ ሴንሰርና ብዙ ሽቦ ያስፈልጋል። በፈተና ጣቢያ፣ ክንፍ ታስሮ እየታጠፈ ሲሞከር፣ እጅግ ጠቃሚ ነው። በ408 ክንፎች ላይ ግን ማን ይገጥመዋል?

ሌላው መንገድ ያንን ባዶ ሆድ ይጠቀማል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሎውል ቅርንጫፍ ተመራማሪዎች በክንፉ ውስጥ ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን ማስቀመጥን አጥንተዋል። ሐሳቡ ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ሲከፈት እንደምንሰማው ነው። በሩ ሲዘጋ ይታፈናል፤ ገርበብ ሲል ወዲያው ይለያል። ክንፉ ውስጥ ድምፅ ካሰማን ስንጥቅ ማለት የተከፈተ በር ነው፤ ከውጭ ያለው ማይክሮፎን የሚያመልጠውን ድምፅ ይሰማል፣ ከውስጥ ያለው ደግሞ የክፍሉ ማስተጋባት መለወጡን ያውቃል።

ሦስቱ እህትማማቾች

አሁን ለእኛ ወደሚቀርበው እንምጣ፤ መሬት ላይ ቆሞ ማዳመጥ። ተርባይን ሥር የቆመ ሰው «ሽው… ሽው… ሽው» የሚል ድምፅ ይሰማል። በደቂቃ 17 ዙር የሚሄድ ባለ ሦስት ክንፍ ተርባይን በየ1.18 ሰከንዱ አንድ «ሽው» ይላል። ዋናው ነገር እዚህ ነው፦ ጤነኛ ክንፍ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው አስቀድመን ማወቅ አያስፈልገንም። ሦስቱ ክንፎች እህትማማቾች ናቸው፤ ዓይነታቸው አንድ፣ የሚነፍስባቸው ነፋስ አንድ፣ ሙቀቱ አንድ፣ የስልኬ ማይክሮፎንም አንድ። ሁለቱ ተስማምተው አንዷ ከተለየች፣ የተለየችው መታየት አለባት።

ብዙ ሰው ወዲያው «ለዚህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እናሠልጥን» ይላል። እኔ በዚህ ጉዳይ አልቸኩልም። ሞዴል ለማሠልጠን ብዙ የተጎዱ ክንፎች ቅጂ ያስፈልጋል፤ የተጎዳ ክንፍ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥቂት ነው። እህትማማቾችን ማወዳደር ምንም ሥልጠና አይጠይቅም። ፒንግ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያም ከተርባይን ማማ ሥር በማግኔት የሚለጠፍ፣ ክንፎቹ ሲያልፉ የሚያዳምጥ መሣሪያ ለገበያ አቅርቧል።

ምን ዓይነት ልዩነት ነው የምንፈልገው? የፊት ጠርዙ የተበላ ክንፍ «ሽው»ው ሸካራና ሰፋ ያለ ይሆናል። የመብረቅ ቀዳዳ ያለበት ክንፍ እንደ ጠርሙስ አፍ ያፏጫል። ተርባይኑ ቀስ ብሎ ሲዞር በእያንዳንዱ ዙር የሚሰማ ኳኳታ ካለ ከውስጥ የተላቀቀ የማጣበቂያ ቁራጭ ክንፉ ውስጥ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል።

ፉጨቱ ከክንፉ መምጣቱን የምናውቅበት ግሩም ዘዴ አለ። አምቡላንስ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያልፍ ይወፍራል፤ ዶፕለር የሚባለው ክስተት ነው። ክንፉ ላይ ያለ ቀዳዳ በ2,000 ሄርዝ ያፏጫል እንበል። ክንፉ ወደ እኛ በሰከንድ 50 ሜትር ሲቀርብ 2,340 ሄርዝ ያህል እንሰማለን፤ በዚያው ፍጥነት ሲርቅ 1,745 ያህል። ስለዚህ በስፔክትሮግራም ላይ ፉጨቱ የተጋደመ እባብ ይመስላል፤ ከላይ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ይጠፋል፣ በየ3.5 ሰከንዱ ተመልሶ ይመጣል። ከጄነሬተሩ ወይም ከካምቢዮው የሚመጣ ድምፅ ግን ቦታውን ስለማይለቅ ቀጥ ያለ አግዳሚ መስመር ነው። ወፍ ደግሞ የፈለገችውን ትሥላለች፤ ነገር ግን በየ3.5 ሰከንዱ አትደግመውም።

አቀዳድ

መቼም ማመንጫ ጣቢያ አጥር አጠገብ ያለ ፈቃድ ስልክ ደቅኖ መቆም ከጥበቃዎች ጋር ያጣላል፤ መጀመሪያ ፈቃድ ያዙ። ከክንፉ ሥርም አትቁሙ፤ በተለይ እዚህ ስዊድን በክረምት ከክንፍ ላይ በረዶ ይወረወራል። (ያ በረዶ ራሱ የክንፉን ድምፅ ስለሚለውጥ፣ ውርጭ ባለበት ቀን የተቀዳ ነገር ለንጽጽር አይሆንም።)

የት እንቁም? የተርባይን ድምፅ የሚለካበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኢሲ 61400-11 የማማውን ከፍታና የመዞሪያውን ግማሽ ስፋት ደምሮ ያንን ያህል ይርቃል። ማማው 65 ሜትር፣ መዞሪያው 77 ሜትር ቢሆን 65 ሲደመር 38.5፣ ማለትም ወደ 104 ሜትር። ደረጃው ማይክሮፎኑ ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ መሬት ላይ በተጋደመ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ እንዲሆን ይፈልጋል። እኛም ስልኩን በአንድ ጣውላ ላይ አጋድመን ማይክሮፎኑን በስፖንጅ እንሸፍናለን። ነፋስ ማይክሮፎኑን በቀጥታ ከመታው ሁሉም ነገር ይበላሻል።

የስልኩ አሠራር ላይ ብዙ ሰው አያተኩርም፣ ግን ወሳኝ ነው። ስልክ የተሠራው ለሰው ንግግር ነው፤ «ጫጫታ» ብሎ የሚያጠፋው እኛ የምንፈልገውን ነው። በአንድሮይድ ከስሪት 7 ጀምሮ ያልተነካ ድምፅ ለመተግበሪያዎች የመስጠት አማራጭ አለ፤ ስለዚህ ይህን የሚደግፍ መቅጃ ምረጡ። በአይፎን የቮይስ ሜሞ ጥራት ማስተካከያ ላይ «ሎስለስ» የሚለውን አድርጉ። ፋይሉ በዌቭ ቢሆን፣ በሰከንድ 48,000 ናሙና ቢቀዳ ጥሩ ነው። እባካችሁ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ቀድታችሁ አትላኩ! ያ ለንግግር ተብሎ የተጨመቀ ነው። በቴሌግራም መላክ ካለባችሁ እንደ ፋይል አያይዛችሁ ላኩ።

አሥር ደቂቃ ቅዱ። በ17 ዙር 170 ጊዜ እያንዳንዱ ክንፍ ያልፋል። 170 ጊዜውን ስናማክል የመኪና፣ የወፍና የበግ ድምፅ ተበታትኖ ወደ አሥራ ሦስተኛው ያህል ይቀንሳል፤ የክንፉ የራሱ ድምፅ ግን ይቀራል። ከጎን በሌላ ስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፤ የትኛው «ሽው» የትኛው ክንፍ እንደሆነ በኋላ ለማረጋገጥ ይጠቅማል።

ከዚያ በፓይተን (ኦዳሲቲ ላይ በዓይንም ይቻላል) አሠራሩ ይህ ነው፦ ከ500 ሄርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ የድምፁን ጉልበት በጊዜ ሥሩ፤ ጉብታዎቹን ፈልጉ፤ ተራ በተራ «ሀ፣ ለ፣ መ» ብላችሁ ሰይሙ፤ የ«ሀ»ን ሁሉ፣ የ«ለ»ን ሁሉ፣ የ«መ»ን ሁሉ ለየብቻ አማክሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ከሌሎቹ ሁለት አማካይ ጋር በየፍሪኩዌንሲ ክፍሉ አወዳድሩ። አንድ ጉብታ ከተዘለለ ከዚያ በኋላ ያለው ስያሜ ሁሉ ይንሸራተታል። ስለዚህ ፕሮግራሙ በሁለት ጉብታዎች መካከል ያለው ጊዜ እጥፍ በሆነ ቁጥር «አንድ አምልጦኛል» ብሎ እንዲቆጥር አድርጉ።

የፋይል ስምና የአማርኛ ጣጣ

ይህ ገጽ የአማርኛ ሶፍትዌር ገጽ ስለሆነ ይህን ሳልነካ አላልፍም። የክንፍ ድምፅ ዋጋ የሚኖረው ከወራት በኋላ ከተቀዳው ጋር ሲወዳደር ነው፤ ያን ጊዜ ፋይሉን ማግኘት አለባችሁ።

መጀመሪያ ሰዓት። አዳማ ላይ ያለ ሰው «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል። የስልኩ ሰዓት 9፡00 ይላል። የተርባይኑ መቆጣጠሪያ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተሞላ 6፡00 ይላል። እኔ ስዊድን ሆኜ ፋይሉን ስከፍት ደግሞ ኮምፒውተሬ በክረምት 7፡00፣ በበጋ 8፡00 ያሳየኛል። አንድ ቅጂ፣ አምስት ሰዓት። የነፋሱን ፍጥነት ከተርባይኑ መዝገብ ጋር ስናገናኝ ይህ ከተዛባ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በፋይሉ ስም ላይ ሁልጊዜ ዓለም አቀፉን ሰዓትና ቀን ጻፉ፤ የኢትዮጵያውን ቀን በማስታወሻ ውስጥ አስቀምጡት።

ሁለተኛው ፊደል። በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል ዛሬ ችግር የለበትም፤ ፍለጋው ግን ችግር አለበት። አንዱ «ኃይል»፣ ሌላው «ሃይል»፣ ሦስተኛው «ሀይል» ብሎ ከጻፈ ለኮምፒውተሩ ሦስቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ድምፅ» እና «ድምጽ»ም እንዲሁ። ከመፈለጋችሁ በፊት ሐ፣ ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚያመጣ አጭር ማስተካከያ ሥሩ፤ የ«ሃ» እና የ«ኃ»ን ጉዳይም አትርሱ።

በጎ ጎንም አለው። የድምፁን ዓይነት ለመሰየም አማርኛ ሀብታም ነው። «ሽውታ»፣ «ፉጨት»፣ «ኳኳታ»፣ «ሲርሲርታ»፣ «እሪታ» ብለን ስንጽፍ ቴክኒሻኑ ያለ ትርጉም ይረዳል። «አኖማሊ 3» ከሚል ጽሑፍ «ፉጨት፣ ክንፍ ለ» የሚለው ሰውን ቶሎ ከወንበሩ ያስነሣል።

አሸጎዳ ላይ የሚከብደው

ዘዴው ሁሉም ቦታ እኩል አይሠራም። በመቀሌ አቅራቢያ ያለው፣ በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) የተመረቀው የ120 ሜጋ ዋቱ አሸጎዳ ጣቢያ ሲሠራ 84 ተርባይኖች ተተከሉለት፤ 54ቱ ባለ ሦስት ክንፍ፣ 30ዎቹ ግን የፈረንሳዩ ቬርኜ የሠራቸው ባለ ሁለት ክንፍ ናቸው። ሁለት እህትማማቾች ብቻ ሲሆኑ ልዩነት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ የተለየችው የትኛዋ እንደሆነች ግን አታውቁም። ዳኛ የምትሆን ሦስተኛ የለችም። አንዷ ሸካራ ሆና ይሆን፣ ወይስ ሌላዋ በቅርቡ ተጠግና ለስላሳ ሆና?

ለነዚህ ተርባይኖች ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንዱ ዕድሜና ዓይነታቸው አንድ የሆነ የጎረቤት ተርባይን በተመሳሳይ ነፋስ፣ በተመሳሳይ ዙር መቅዳትና አራት ክንፍ አድርጎ ማወዳደር ነው። ሁለተኛው ከአሁን ጀምሮ በየወሩ መቅዳትና እያንዳንዷን ክንፍ ከራሷ ያለፈ ድምፅ ጋር ማመዛዘን ነው፤ ለዚህ ደግሞ የዛሬዋ «ሀ» የሚቀጥለው ወርም «ሀ» መሆኗ መረጋገጥ አለበት። ቪዲዮው ብቻ አይበቃም፤ በርቀት ሁለቱ ክንፎች አንድ ናቸው። ከጣቢያው ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ አንዷ ክንፍ ሥር ላይ ከመሬት በሌንስ የሚታይ የቀለም ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። አሰላ ላይ እንደተተከሉት ባለ 132 ሜትር መዞሪያ ያላቸው ትልልቅ ተርባይኖችም ሦስት ክንፍ ስላላቸው በዋናው ዘዴ ይሄዳሉ፤ ዙራቸው ዝግ ያለ ስለሆነ ግን አሥሩን ደቂቃ ወደ ሃያ አሳድጉት።

ውጤቱን ለጣቢያው ስትሰጡ የአሥር ደቂቃውን ፋይል ብቻ አትላኩ፤ ማንም አያዳምጠውም። የሦስቱን ክንፎች አማካይ በአንድ ሥዕል፣ በሦስት ቀለም አድርጉ፤ ከጎኑ የነፋሱን ፍጥነት፣ የዙሩን ብዛትና ዓለም አቀፉን ሰዓት ጻፉ፤ ከሥሩ የምትጠረጥሩትን ክንፍና የድምፁን ዓይነት በአንድ መስመር አስቀምጡ።